ፊት ለፊት ያልተያዩት አጋሮች፦ ሱልጣን ቤይበርስ እና በርኬ ኻን



ዜና በከፈትን ቁጥር የማናጣው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የሁለቱ ሀገራት መሪዎች በቀጠናው ጸጥታና በወታደራዊ ትብብር ዙሪያ ተወያዩ።» መሪዎቹ ይጨባበጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ መግለጫ ይወጣል። ከዚያ በየሻይ ቤቱና በየሰፈሩ ወጣቱ ለሁለት ይከፈላል። መሪዎቹ ሙስሊሞች ከሆኑ አንደኛው ወገን «ኡማው አንድ ሊሆን ነው» ብሎ ይደሰታል። ሌላኛው ደግሞ «ተዉን እባካችሁ፣ ሁሉም የሚሮጠው ለጥቅሙ ነው» ብሎ ያጣጥላል።

ዛሬ ለሁለቱም ወገኖች የሚሆን አንድ የቆየ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ከ760 ዓመታት በፊት በዓባይ ዳር የተቀመጠ ሱልጣንና በቮልጋ ወንዝ ዳር የሰፈረ የሞንጎል ኻን ኅብረት ፈጠሩ። በመካከላቸው ባሕር፣ ተራራ፣ አንድ የክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት እና የጋራ ጠላታቸው ነበሩ። ሁለቱ በሕይወታቸው አንድም ቀን አልተገናኙም። ሠራዊቶቻቸውም አንድም ቀን ጎን ለጎን አልተሰለፉም። ያም ሆኖ ግብፅንና ሻምን ከሞንጎል እጅ ካተረፉት ነገሮች አንዱ ይህ ኅብረት ነበር። እንዴት? አብረን እንየው። (ሂጅራ ካላልን በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◆ የጨለመበት ዘመን

በ1258 የጀንጊስ ኻን የልጅ ልጅ ሁላጉ ባግዳድን ያዘ። ከተማዋ ተዘረፈች፣ ሕዝቧ ታረደ፣ የዐባሲዩ ኸሊፋ አል-ሙስተዕሲም ተገደለ። ከ500 ዓመታት በላይ የቆየው የባግዳድ ኺላፋ በዚያው አበቃ። ሁላጉ በዚህ አልቆመም። በ1260 መጀመሪያ ሐለብ ወደቀች፤ ጥቂት ቆይቶ ደማስቆም በሯን ከፈተች። የቀረችው ግብፅ ብቻ ነበረች።

በዚያው ዓመት ረመዷን 25 ቀን 658 ሂጅራ፣ የግብፅ ማምሉኮች በሱልጣን ቁጡዝ መሪነት ፍልስጤም ውስጥ ዐይን ጃሉት በተባለ ቦታ የሞንጎልን ጦር ድል ነሱ። ይህን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ዐይን ጃሉት ላይ የተሸነፈው የሁላጉ ሠራዊት በሙሉ አልነበረም። ታላቁ ኻን ሞንግከ በ1259 በመሞቱ ሁላጉ አብዛኛውን ጦሩን ይዞ ወደ ምሥራቅ ተመልሶ ነበር። ሻም ውስጥ ትቶት የሄደው በኪትቡቃ የሚመራ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ድሉ ታላቅ ቢሆንም ዋናው ጦር አልተነካም። ካይሮ ውስጥ የነበረ አስተዋይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ሁላጉ ሲመለስ ምን እንሆናለን?

ከድሉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቁጡዝ በራሱ አሚሮች እጅ ተገደለ፤ ቤይበርስም ሱልጣን ሆነ። ጥያቄውን የመመለስ ኃላፊነት የወደቀው በእሱ ትከሻ ላይ ነው።

◆ በጀንጊስ ቤት ውስጥ የተነሳ ጠብ

ሞንጎሎች ከውጭ ሲታዩ አንድ አካል ይመስሉ ነበር። ውስጡ ግን ሌላ ነው። የጀንጊስ ታላቅ ልጅ የጆቺ ዘሮች በሰሜን በኩል፣ ከቮልጋ ወንዝ እስከ ጥቁር ባሕር ያለውን ሰፊ የሣር ምድር ይገዙ ነበር። ይህ በተለምዶ «ወርቃማው ሆርድ» የሚባለው መንግሥት ነው። በደቡብ በኢራንና በዒራቅ ደግሞ ሁላጉ የራሱን አገዛዝ ተከለ፤ ይህም የኢልኻኖች መንግሥት ተባለ።

በመካከላቸው ጠብ የጫሩት ጉዳዮች በርካታ ነበሩ። ከሁሉ የቀደመው የመሬት ጉዳይ ነው። የጆቺ ቤት አዘርባጃንና አራን «ከአያታችን የተሰጡን የእኛ ድርሻ ናቸው» ይል ነበር። እነዚህ ሀገሮች ለፈረስ የሚሆን ምርጥ የክረምት ግጦሽ ያለባቸው ናቸው። ለሞንጎል ግጦሽ ማለት ጦር ማለት ነው፤ ሣር ከሌለ ፈረስ የለም፣ ፈረስ ከሌለ ሠራዊት የለም። ሁላጉ ግን መሬቱን ለራሱ ያዘው። ከዚህ ሌላ የደም ጉዳይ አለ። የጆቺ ቤት ለሁላጉ ዘመቻ የላካቸው ሦስት መሳፍንት በሁላጉ ሰፈር ሳሉ ሞቱ፤ አንዱ በጥንቆላ ተከሶ ተገደለ፣ የቀሩት አሟሟትም ጥርጣሬን የፈጠረ ነበር። የምርኮ ክፍፍሉም ቢሆን ያላስማማ ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ሃይማኖት ተጨመረ። የሰሜኑ መንግሥት ገዢ በርኬ የጀንጊስ የልጅ ልጅ ሲሆን በእስልምናው ከታወቁት የሞንጎል ገዢዎች የመጀመሪያው ነው። ዐረቦቹ ስሙን «በረካ» ብለው ይጠሩት ነበር። መስለሙ ከቡኻራው ሸይኽ ሰይፉዲን አል-ባኸርዚ ጋር ተያይዞ ይነገራል። የኢልኻኖቹ ታሪክ ጸሐፊ ረሺዱዲን እንደሚተርከው በርኬ ሁላጉ የሙስሊም ከተሞችን በማጥፋቱና ዘመዶቹን ሳያማክር ኸሊፋውን በመግደሉ እጅግ ተቆጥቶ ነበር።

ልብ እንበል! የበርኬ ቁጣ የሃይማኖት ነው? ወይስ የግጦሽ? ወይስ የደም? ታሪኩ እንደሚያሳየን ሁሉም ነበረበት። ይህን ያዙልን፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

◆ በነጋዴ እጅ የሄደ ደብዳቤ

ቤይበርስ ይህን ጠብ የሰማው ከነጋዴዎችና ከሰላዮች ነው። በ660 ሂጅራ (1261/62) ለበርኬ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ላከ። አጀብ ያለው መልእክተኛ አልላከም። ደብዳቤውን የያዘው የሚታመን አንድ የአላን ነጋዴ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነጋዴ በየትኛውም ድንበር ያልፋል፣ ቢያዝም የሱልጣኑ ክብር አይነካም። ደብዳቤው በርኬን በእስልምናው እያስታወሰ በሁላጉ ላይ እንዲነሳ ይገፋፋዋል፤ ሁላጉ በክርስቲያን ሚስቱ ተጽዕኖ ሥር መውደቁንም ያነሳል።

በ1262 መጨረሻ ያልታሰበ ነገር ተፈጠረ። በሁላጉ ጦር ውስጥ የነበሩ 200 ያህል የበርኬ ወገን ፈረሰኞች ጠቡ ሲከር አምልጠው ወደ ሻም ገቡ። የሻም ሰዎች ሞንጎል መጣ ብለው ሊደነግጡ ይችሉ ነበር። ቤይበርስ ግን በክብር እንዲቀበሏቸው አዘዘ። ካይሮ ሲደርሱ ልብስና ፈረስ ሰጣቸው፣ ቤት አሠራላቸው፣ አለቆቻቸውን አሚር አድርጎ ሾማቸው። ብዙዎቹም ሰለሙ። በኋላም ሌሎች እየተከተሉ መጡ። ቤይበርስ ስደተኛን ማስተናገድ እንዲሁ በጎ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር፦ እነዚህ ሰዎች የሁላጉን ጦር ከውስጥ ያውቁታል፤ ለበርኬም «ወገኖችህ በእጄ ደኅና ናቸው» የሚል ሕያው መልእክት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ይፋዊው ልዑክ የተነሳው። ፈቂህ መጅዱዲንና አሚር ሰይፉዲን ከሁለቱ ከእነዚያ ስደተኞች ጋር ሆነው ተላኩ። ጊዜው የተመረጠ ነበር። ልክ በዚያው ሰሞን በ661 ሂጅራ ሙሐረም ወር ቤይበርስ ከባግዳድ እልቂት የተረፈ አንድ የዐባሲዮች ዘር «አል-ሓኪም» በሚል ስም በካይሮ ኸሊፋ አድርጎ አንግሦ ነበር። መልእክተኞቹ የዚህን ኸሊፋ የዘር ሐረግ በጽሑፍ ይዘው ሄዱ። ደብዳቤው ደግሞ የሱልጣኑን ሠራዊት ብዛትና በውስጡ ያሉትን ቱርኮች፣ ኩርዶችና ዐረቦች ይዘረዝራል።

በአጭሩ ቤይበርስ ለበርኬ ሁለት ነገር አቀረበ፦ አንደኛ ሕጋዊነት (ኸሊፋው እኔ ዘንድ ነው)፣ ሁለተኛ ጉልበት (ጦሬ ይህን ያህላል)። ዛሬም አጋር የሚፈልግ መንግሥት ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው እነዚህኑ ነው።

◆ በቮልጋ ዳር ድንኳን ውስጥ

መልእክተኞቹ በቁስጥንጥንያ አድርገው ጥቁር ባሕርን ተሻግረው፣ በክራይሚያ በኩል አልፈው እስከ ቮልጋ ዘለቁ። ፈቂህ መጅዱዲን መንገድ ላይ ታሞ ተመለሰ። የቀሩት ያዩትን ሁሉ ይዘው መጥተው ለሱልጣኑ ነገሩት፤ የሱልጣኑ ጸሐፊና የሕይወት ታሪኩ ደራሲ ሙሕዪዲን ኢብኑ ዐብዲዟሂርም መዘገበው።

ከመግባታቸው በፊት የኻኑን ሥርዓት አስተማሯቸው። በድንኳኑ ግራ በኩል ይገባል። መሣሪያ ይዞ መግባት አይቻልም። መድረኩን በእግር መንካት ክልክል ነው። በሰፈሩ ውስጥ ልብስ ማጠብ፣ በረዶ መብላትም አይፈቀድም። እነዚህ የጀንጊስ ዘመን ወጎች ናቸው። ኻኑ ሰልሟል፤ የአያቶቹ ወግ ግን አለቀቀውም።

ድንኳኑ በነጭ ሱፍ የተሸፈነ፣ ውስጡ በሐር የተሸለመ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው የሚይዝ ነበር። በርኬ በዙፋን ላይ ተቀምጧል፤ ጢሙ ስስ፣ ፊቱ ቢጫ፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያደረገ፣ እግሩን የሚያመው ሽማግሌ። የሱልጣኑን ደብዳቤ ወዚሩ ሸረፉዲን አል-ቀዝዊኒ እየተረጎመ አነበበው። መልእክተኞቹን ያስገረማቸው ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ሌላ ነገር ነበር፦ እያንዳንዷ የኻኑ ሚስትና እያንዳንዱ አሚር የራሱ ኢማምና ሙአዚን ነበረው፤ ልጆችም ቁርኣን ይቀሩ ነበር። አባቶቻቸው የሙስሊም ከተሞችን ያነደዱ ሰዎች ልጆች ማለት ነው። ሱብሓነላህ!

በርኬ ስለ ግብፅ ብዙ ጠየቃቸው። ስለ ዝሆንና ስለ ቀጭኔ፣ ስለ ዝናብና ስለ ዓባይ። እንደ ድልድይ በዓባይ ላይ ስለተዘረጋና ሰው ስለሚሻገርበት የአንድ ሰው አጥንት የሰማውን ወሬ እውነት እንደሆነ ጠየቀ። መልእክተኞቹም እንዲህ ያለ ነገር እንዳላዩ ነገሩት። ይህች ትንሽ ጥያቄ በእነዚህ ሁለት አጋሮች መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደነበረ ታሳየናለች። አንዱ ስለ ሌላው ሀገር የሚያውቀው ተረት ነበር።

◆ በርኬ ምን ጠየቀ?

ሁለቱም ወገኖች እርስ በርስ እየተፈላለጉ ስለነበር የበርኬ መልእክተኞችም በግንቦት 1263 ካይሮ ገቡ። አሚር ጀላሉዲን ኢብኑል ቃዲና ሸይኽ ኑሩዲን ዐሊ ይባላሉ። የያዙት ደብዳቤ የሰለሙትን የሞንጎል መሳፍንትና ጎሣዎች ስም ይዘረዝራል። በርኬ ለእስልምና ሲል ከገዛ ሥጋው ከሁላጉ ጋር እየተዋጋ መሆኑን ያስረዳል። በእርግጥም በ1263 መጀመሪያ ላይ የሁላጉ ጦር ካውካሰስን አልፎ ወደ ሰሜን ዘልቆ በቴሬክ ወንዝ ላይ ክፉኛ ተሸንፏል፤ ሲሸሹ የወንዙ በረዶ ተሰብሮ ብዙዎቹ ሰጥመዋል።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ፦ ቤይበርስ ወደ ኤፍራጥስ (ፉራት) ወንዝ ጦር ልኮ የሁላጉን መንገድ እንዲዘጋ። በዛሬ ቋንቋ ብንለው በርኬ ሁለተኛ ግንባር እንዲከፈት ጠየቀ።

ቤይበርስ ምን መለሰ? በክብር ረገድ ምንም አልቆጠበም። ኸሊፋው በመልእክተኞቹ ፊት ኹጥባ አደረገ። በካይሮ፣ በመካ፣ በመዲናና በቁድስ ሚንበሮች ከሱልጣኑ ቀጥሎ ለበርኬ ዱዓ እንዲደረግ ታዘዘ። ከመልስ ደብዳቤው ጋር የተላከው ስጦታ ደግሞ ለጉድ ነበር፦ ዑስማን (ረዲየላሁ ዐንሁ) የጻፉት ነው የተባለ ሙስሐፍ፣ የመስገጃ ምንጣፎች፣ የጦር መሣሪያዎች፣ የዐረብ ፈረሶች፣ ግመሎች፣ ዝንጀሮዎች፣ ዝሆንና ቀጭኔ ሳይቀሩ። በርኬ የጠየቀው እንስሳ ሁሉ እየሄደለት ነበር።

ሁለተኛ ግንባር ግን? እዚህ ላይ ነው ዲፕሎማሲ የሚገባን። ቤይበርስ ዋና ሠራዊቱን አጋዥ በሌለበት ዒራቅ ውስጥ አስገብቶ ለአደጋ አላጋለጠም። ከዚያ በፊት በ1261 አንድ ሌላ የዐባሲይ ዘር በትንሽ ጦር ባግዳድን ለማስመለስ ሄዶ በሞንጎሎች እጅ አልቋል። ቤይበርስ ያንን አልረሳም። የሠራው ሥራ ሌላ ነው፦ የኤፍራጥስ ምሽጎችን አጠነከረ፤ ከካይሮ እስከ ደማስቆ በአራት ቀን ወሬ የሚያደርስ የፈረስ ፖስታ (በሪድ) ዘረጋ፤ በድንበር ላይ የእሳት ምልክት የሚያሳዩ ጠባቂዎችን አቆመ፤ የሞንጎል ፈረስ የሚግጠው እንዳይኖር በጠላት መንገድ ላይ ያለውን ሣር አስቃጠለ። እያንዳንዱ አጋር በየራሱ ድንበር ጠላትን ያዘ። ይህ ብቻውን ለሁላጉ በቂ ራስ ምታት ነበር።

◆ በመሀል ያለው በር

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው እንምጣ። ከግብፅ ወደ ቮልጋ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በቁስጥንጥንያ የባሕር ወሽመጥ ነው። ያንን በር የያዘው የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ሚካኤል ፓላዮሎጎስ ነው። በ1261 ከተማይቱን ከላቲኖች እጅ አስመልሶ ገና መቀመጡ ነበር። ከቤይበርስ ጋር ስምምነት ነበረው፤ የሱልጣኑ መልእክተኞችም በቁስጥንጥንያ ያለውን መስጊድ እንዲያዩ አድርጓል።

ነገር ግን ሚካኤል የሁላጉ ጎረቤትም ነበር፤ ሁላጉን ማስቀየም አልፈለገም። ስለዚህ በ1263 ያ ሁሉ ስጦታ የያዘው የቤይበርስ ልዑክ ቁስጥንጥንያ ሲደርስ ያዘው። ሳምንታት ወር፣ ወራት ዓመት ሆኑ። ልዑኩ ከዓመት በላይ ታገተ፤ ከእንስሳቱም ብዙዎቹ እዚያው ሞቱ።

የቤይበርስ ምላሽ ሊጠና የሚገባው ነው። ጦር አልላከም። ሚካኤል በመሐላ ያጸናውን የስምምነት ሰነድ አስወጥቶ በግብፅ ያሉትን የክርስቲያን ፓትርያርክና ጳጳሳት ሰብስቦ «እንዲህ ዓይነት መሐላ ያፈረሰ ሰው በሃይማኖታችሁ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቃቸው። የሰጡትን የውግዘት ቃል አስጽፎ ወደ ሚካኤል ሰደደ። በሌላው በኩል ለበርኬ ጻፈ። በ1264/65 ክረምት የበርኬ ጦር ከቡልጋሮች ጋር ሆኖ የሚካኤልን ግዛት ወረረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ለጥቂት አመለጠ። ታስሮ የነበረውን የሴልጁቁን ሱልጣን ዒዙዲን ካይካውስንም አስፈትተው ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሚካኤል ትምህርቱን አገኘ፤ መፍትሔውም የሚገርም ነበር። ማሪያ የምትባል ሴት ልጁን ለሁላጉ ልጅ ለአባቃ ዳረ። ሌላዋን ልጁን ኤውፍሮሲኒን ደግሞ ለበርኬ ወገን ታላቅ የጦር አለቃ ለኖጋይ ሰጠ። በሁለት ጠበኞች መካከል የተቀመጠ ትንሽ መንግሥት አንዷን ወዲያ አንዷን ወዲህ ልኮ በሩን ክፍት አድርጎ ኖረ።

በነገራችን ላይ የቤይበርስ ጽሕፈት ቤት የሚጻጻፈው ከሰሜን ጋር ብቻ አልነበረም። በ1274 አካባቢ ከሀገራችን ከአፄ ይኩኖ አምላክ ጳጳስ እንዲላክላቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ በየመን በኩል ደርሶታል። እዚያም ላይ ቢሆን መንገዱን የያዘው ሦስተኛ ወገን ነበር።

◆ ስለማይወራው ጭነት

ስለዚህ ኅብረት ስንጽፍ ቀጭኔውንና የወርቅ ጉትቻውን ብቻ ነግረናችሁ ብናልፍ ታሪኩን ግማሽ አድርገን እናስቀረዋለን። ካይሮና ቮልጋን በእርግጥ ያገናኘው ትልቁ ነገር ሰው ነበር። በትክክል ለመናገር ልጆች።

የማምሉክ ሠራዊት በግብፅ ተወልዶ ያደገ አልነበረም። ከጥቁር ባሕር ሰሜን ካለው የሣር ምድር እየተገዙ የሚመጡ፣ አብዛኞቹ የቂፕቻቅ ቱርክ ልጆች ነበሩ። ካይሮ ሲደርሱ እስልምናን ተምረው፣ ፈረስና ቀስት ሠልጥነው፣ ከዚያ ነፃ ወጥተው ወታደር ይሆናሉ። የማምሉክ ልጅ ማምሉክ አይሆንም፤ ስለዚህ በየትውልዱ አዳዲስ ልጆች ያስፈልጋሉ። ልጆቹ የሚመጡት ከበርኬ ግዛት፣ በክራይሚያ ወደቦች፣ በሚካኤል ወሽመጥ በኩል ሲሆን ከጫኗቸው መርከቦች ብዙዎቹ የጣሊያኖቹ የጄኖዋዎች ነበሩ። ያ በር ከተዘጋ የካይሮ ሠራዊት ይደርቃል። ቤይበርስ በቁስጥንጥንያ ላይ ያን ያህል የተጨነቀው ለዚህም ነው።

ደግሞ ቤይበርስ ይህን ንግድ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ራሱ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበርና። ቂፕቻቅ ነው። የበርኬ ወንድም ባቱ የቂፕቻቆችን ሀገር ሲያጠፋ በርካታ ልጆች ለባሪያ ነጋዴ ተሸጡ፤ ትንሹ ቤይበርስም በዚያ ማዕበል ተጠርጎ በሻም ገበያ ቆመ። አንድ ዓይኑ ላይ ነጭ ነጥብ ስለነበረው በርካሽ እንደተሸጠ፣ እንዲያውም የመጀመሪያው ገዢ እንደመለሰው ይነገራል።

አስቡት! ሀገሩን ላፈረሰው ሰው ወንድም «ወንድሜ» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። በሀገሩ መፍረስ ምክንያት የተሸጠው ልጅ ሱልጣን ሆኖ እንደ እሱ ያሉ ልጆች መምጣታቸው እንዳይቋረጥ ይደራደራል። ሱልጣኑ ምን ተሰማው? ጸሐፊዎቹ አልነገሩንም። ለእስልምና ምድር መጠበቅ የተከፈለው ዋጋ ግን ከእናታቸው ጉያ በተወሰዱ ልጆች ጭምር መሆኑን ማወቅ ለታሪክ ያለብን አማና ነው። የጀግኖችን ስም ስንጠራ ስማቸው ያልተጻፈውንም እናስታውስ።

◆ ኅብረቱ ምን አፈራ?

ሁላጉ በ1265 ሞተ። ሰሜኑ ሲያቃጥለው በሙሉ ኃይሉ ወደ ሻም መመለስ ሳይችል ቀረ። ልጁ አባቃም ዙፋን ላይ እንደወጣ የመጀመሪያ ሥራው ከበርኬ ጋር መዋጋት ሆነ። በ1266 በርኬ ራሱ ጦር እየመራ ወደ ደቡብ ሲወርድ በኩራ ወንዝ አካባቢ ሞተ፤ ጦሩም ተመለሰ። ቤይበርስና በርኬ በአንድ ድንኳን ውስጥ ሳይቀመጡ ነገሩ አበቃ።

ግን ቤይበርስ በእነዚያ ዓመታት ምን እንደሠራ ተመልከቱ። በ1265 ቄሳርያንና አርሱፍን፣ በ1266 ሰፈድን፣ በ1268 አንጾኪያን ከመስቀል ጦረኞች እጅ አስለቀቀ። ሞንጎሉ በሰሜን ተጠምዶ ባይሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ፋታ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

በተቃራኒው ወገንም ተመሳሳይ ሙከራ ነበር። ሁላጉ በ1262 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ ጽፏል። የአባቃ መልእክተኞች በ1274 በሊዮን ጉባኤ ላይ ተገኝተዋል። በ1287 ደግሞ ረባን ሳውማ የተባለ መነኩሴ ከኢልኻኖች ተልኮ እስከ ፓሪስ ሄዶ ከንጉሡ ጋር ተነጋግሯል። ደብዳቤው ብዙ፣ ተስፋውም ብዙ ነበር። ሆኖም ዐካ በ1291 በማምሉኮች እጅ ስትወድቅ ያ ኅብረት አልደረሰላትም። ልዩነቱ ምን ነበር? የእነሱ ዕቅድ ሁለቱ ጦሮች በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ሲገናኙ ብቻ የሚሠራ ነበር፤ በዚያ ዘመን ርቀት ይህ የማይሆን ነገር ነው። የቤይበርስና የበርኬ ኅብረት ግን መገናኘትን አይጠይቅም። እያንዳንዱ ቤቱ ድረስ የመጣበትን ጠላት ሲመታ ሌላውን ይረዳል።

◆ ሃይማኖት ወይስ ጥቅም?

በርኬን የተካው ሞንግከ ቲሙር ሙስሊም አልነበረም። ኅብረቱ ግን ቀጠለ! «ሁሉም ጥቅም ነው» የሚለው ወገን እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ቆይ፣ ገና አልጨረስንም።

በ1295 የኢልኻኖቹ ገዢ ጋዛን ሰለመ። ታዲያ ጦርነቱ ቆመ? አልቆመም። በ1299 ሙስሊሙ ጋዛን ሙስሊሞቹን ማምሉኮች ድል አድርጎ ደማስቆን ለጊዜው ያዘ፤ ኢብኑ ተይሚያ (ረሒመሁላህ) በዚያ ጭንቅ ሰዓት ከጋዛን ጋር ፊት ለፊት የተነጋገሩት ያኔ ነው። በ1303 ደግሞ ማምሉኮች ሸቅሐብ ላይ ሞንጎሎችን መለሱ። ከዚያ በ1320 የሰሜኑ ኻን የኦዝቤግ ቤት ልዕልት ካይሮ ድረስ ተጉዛ የሱልጣን ናስር ሙሐመድ ሙሽራ ሆነች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ካይሮ ከድሮ ጠላቷ ከኢልኻኖች ጋር የሰላም ስምምነት ተፈራረመች። ልዕልቲቱም ከዓመታት በኋላ ተፈታች። የጋራ ጠላት ሲጠፋ የሰሜኑ ወዳጅነት ዋጋው ቀነሰ።

ታዲያ ሃይማኖቱ ሽፋን ብቻ ነበር? እኛ እንደዚያ አንልም። የበርኬ ኢማሞችና ሙአዚኖች እውነት ነበሩ፤ ቁርኣን የሚቀሩት ልጆችም እውነት ነበሩ። ጥቅም በርኬን ከሁላጉ ጋር ሊያጣላው ይችል ነበር፤ ከካይሮ ጋር በዚያ ፍጥነት እንዲተማመን ያደረገው ግን ኢማኑ ጭምር ነው። ሃይማኖቱ ሁለቱ የሚግባቡበትን ቋንቋ ሰጣቸው፤ የጋራ ጠላት ምክንያቱን ሰጣቸው፤ የባሕሩ በር ደግሞ ዕድሜውን ወሰነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚያይ ሰው ታሪኩን አያገኘውም።

◆ ለእኛ ምን ይዞልናል?

ወንድሞችና እህቶች! በሚቀጥለው ጊዜ «መሪዎቹ ተወያዩ» የሚለውን ዜና ስትሰሙ ከመደሰታችሁም ከማጣጣላችሁም በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ፦

1. የጋራ ሥጋታቸው ማን ነው? ያ ሥጋት ነገ ቢጠፋ ወዳጅነቱ ይተርፋል?
2. አንዱ ከሌላው የሚጠብቀው መገናኘትን ነው ወይስ በየራስ ድንበር መበርታትን?
3. በመሀላቸው ያለውን በር የያዘው ማን ነው? እሱስ ልጆቹን ለማን ለማን ነው የዳረው?
4. ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ስሙስ በመግለጫው ላይ አለ?

ቤይበርስ የራሱን ቤት ሳያጠናክር ሌላውን አልጠበቀም። መጀመሪያ ምሽጉን ሠራ፣ ፖስታውን ዘረጋ፣ ስደተኛውን አስጠጋ፤ ከዚያ ነው «አጋር እንሁን» ያለው። ደካማን ማንም አጋር አያደርግም፤ ቢያደርገውም እንደ ዕቃ ነው። ይህ ለመንግሥት ብቻ ሳይሆን ለማኅበረሰብም፣ ለአንድ ወጣትም ይሠራል። ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ራሱን ችሎ የተገኘ ሰው ሲነጋገር ቃሉ ክብደት አለው።

አላህ ከታሪክ የምንማር ያድርገን። ወላሁ አዕለም።